ላይ ቤት ይመታል

ወንድሜ ከደቡብ አፍሪካ ሲመለስ ዘመድ ሁሉ የጠበቀው ትልቅ ቴሌቪዥን ነበር። ሻንጣው ሲከፈት ለማየት ከሌሞ ገጠር ሆሳዕና ድረስ የመጡት አጎቶቻችን የጫማቸውን ጭቃ ደረጃው ላይ እያራገፉ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ከሻንጣው የወጣው ግን የተጠቀለለ አረንጓዴ ምንጣፍ፣ መረብ፣ ቀጫጭን የብረት ቱቦ፣ ጫፋቸው የተቆለመመ ሦስት ዱላ፣ አንዲት ጥቁር ሣጥንና ያገለገለ ፕሮጀክተር ነበር። አንደኛው አጎታችን ዱላውን አገላብጠው አዩና፣

«ፎቅ ላይ ከብት ልታረባ ነው?» አሉት።

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ወንድሜ አልሳቀም። «ጎልፍ ነው» አለ፤ ሌላ ማብራሪያ አልጨመረም።

በዚያው ቀን ቱቦዎቹን ገጣጥሞ መረቡን ሳሎናችን ውስጥ ወጠረው። ሳሎን ስል ሰፊ እንዳይመስል። ከአንድ የመንግሥት ሠራተኛ የተከራየነው ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ መረቡ ከተወጠረ በኋላ ወደ ማዕድ ቤት የማልፈው ሆዴን ሰብስቤ ነበር። ኳሷን ምንጣፉ ላይ አስቀምጦ በዱላው ሲመታት መረቡ ይይዛታል። ጥቁሯ ሣጥን ምቱ ምን ያህል እንደፈጠነና ወዴት እንዳዘነበለ ለላፕቶፑ ትነግራለች። ከዚያ ኳሷ በፕሮጀክተሩ ብርሃን ግድግዳችን ላይ ጉዞዋን ትቀጥላለች፤ እኔ የማላውቀው አገር ሣር ላይ ትበራለች፣ ታርፋለች። መብራት ሲጠፋ አገሩም ሣሩም ይጠፋል። እሱ ግን በመስኮቱ ብርሃን ባዶውን ግድግዳ እያየ ይመታል።

ጨዋታውን የለመደው እዚያ እንደደረሰ የሀብታሞችን የዱላ ቦርሳ ሜዳ ለሜዳ ሲሸከም ነው። በኋላ ሱቅ ከፈተ። ሱቁ የተዘረፈ ዕለት ምን እንደደረሰበት ለእናታችንም ለእኔም አልተናገረም። እኔ የማውቀው ሌሊት እንደማይተኛ ነው። ቀን በር ሲንኳኳ ዘሎ ይነሳል። ዱላውን ሲይዝ ብቻ ይረጋል። ትከሻው ሲዞር፣ ጉልበቱ ሲለዝብ፣ ትንፋሹ ከምቱ ጋር ሲወጣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ሥራዬ መልስ ተቀምጬ አየዋለሁ። በተበላሸ ፎቶ ኮፒ ጀርባ ላይ ግጥም የምሞክርበት ጊዜ ነበር፤ እሱን ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ።

በመጣ በሳምንቱ ፊት ለፊት የነገረን ነገር አለ። «እሞክራለሁ። እዚህ መኖር ካቃተኝ በመንገዱ እመለሳለሁ።» የመኖሪያ ወረቀቱ ስለተበላሸ ከእንግዲህ አውሮፕላን የለም። በእኛ አገር ደግሞ «መንገዱ» ከተባለ አስፋልቱ ማለት አይደለም፤ በሞያሌ ወጥቶ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን በጫካና በተዘጋ ኮንቴይነር የሚያቋርጠው ነው። ከመንደራችን በዚያ ወጥተው፣ ሬሳቸው ሳይመጣ ለቅሶ የተቀመጥንላቸው ልጆች አሉ። እናታችን ከሌሞ ስትደውል ሰላምታዋ እንኳ ተቀይሮ ነበር።

«አለ?»

«አለ፣ እማ።»

«ደላላው ደወለለት?»

ይደውል ነበር። ወንድሜ ስልኩን ይዞ ወደ ደረጃው ይወጣል፤ ሲመለስ ዱላውን ያነሳል። እኔም ምቱን በሰማሁ ቁጥር ዛሬም አልሄደም እላለሁ።

ከበታቻችን ለሚኖሩት ሰዎች ድምፁ ሌላ ነገር ነበር። ሁለተኛ ፎቅ ላይ አንድ የአይሱዙ ሾፌርና ሚስቱ ይኖራሉ። ሾፌሩ ድንችና ባቄላ ጭኖ ማታ ከሆሳዕና ይወጣል፤ አዲስ አበባ አራግፎ ይመለሳል፤ ቀን ይተኛል፣ ወይም ሊተኛ ይሞክራል። መጀመሪያ ሚስቱ በመጥረጊያ እንጨት የጣሪያቸውን ሶሌታ ከታች ወደ ላይ ታንኳኳ ጀመር። ወንድሜ ምንጣፉ ሥር ስፖንጅ አነጠፈ። መጥረጊያው አላቆመም። አንድ የመዝሙር ስቱዲዮ ያለው ጓደኛው የእንቁላል ካርቶን ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ድምፅ ይውጣል ብሎ መከረን፤ ከየምግብ ቤቱ ለምነን አመጣንና አንዱን ግድግዳ ለፕሮጀክተሩ ትተን ሌላውን ሁሉ ሸፈንነው። ቤታችን የዶሮ እርባታ መሰለ። እውነትም ሳሎኑ ውስጥ ድምፁ ለዘበ፤ እኛ ተደሰትን። ከታች መጥረጊያው በረታ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሾፌሩ ራሱ መጣ። ዓይኑ ቀልቶ፣ ጋቢውን እንደለበሰ በራችን ላይ ቆመ። ጨዋ ሰው ነው፤ መጀመሪያ የእናቴን ጤና ጠየቀኝ።

«እህቴ፣ እናንተ ቤት በርበሬ ነው የሚወቀጠው?»

«አይ፣ ጎልፍ ነው።»

«ጎልፍ» አለና ትንሽ አሰበበት። «ሙቀጫ ቢሆን ይሻል ነበር። በርበሬ ያልቃል።»

ሳቄ አመለጠኝ። እሱም ፈገግ ሊል ነበር፤ ተወው። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ትናንት ከወራቤ ወዲህ ዓይኔ ተከደነ። ስገልጠው መኪናው የግራውን ጠርዝ ይዟል። አልሐምዱሊላህ፣ ከፊት የሚመጣ አልነበረም። ልለምናችሁ ነው የመጣሁት እንጂ ልጣላ አይደለም።»

ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ ሰምቷል። «እስከ አሥር ሰዓት አልመታም» አለው። እጅ ተጨባበጡ።

ቃሉን ሊጠብቅ ሞከረ፤ አይቼዋለሁ። ጠዋት ይችላል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ወንበር ላይ ይቀመጥና በር በሩን ያያል። ስልኩ ይጮሃል፤ ወደ ደረጃው ይወጣል፤ ሲመለስ ይመታል። ከበታቻችን አንድ ሰው እንቅልፍ ካላገኘ መኪና ይገለብጣል፤ ከፊቴ አንድ ሰው ካልመታ ሞያሌ ይሄዳል። «ቀስ ብለህ ምታ» አልኩት አንድ ቀን። ቀስ ተብሎ የሚመታ ጎልፍ እንደሌለ ያኔ ነው ያወቅሁት። ዱላው በጠርዙ ሲነካት ኳሷ የመረቡን ቱቦ ገጭታ ተመለሰችና ከግራ ዓይኔ ሥር መታችኝ። በማግስቱ ፊቴ ጠቆረ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ኳስ መታኝ» አልኩ። የት? ቤት ውስጥ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ። ሰው አየት ያደርገኝና ወሬ ይቀይራል።

ቅዳሜ ጠዋት በራችን ተንኳኳ። የነዋሪዎች ኮሚቴ ነው። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የአማርኛ አስተማሪ ናቸው፤ ማስታወቂያ ሲለጥፉ እንኳ ሰው የጻፈውን በቀይ እስክሪብቶ ያርማሉ፤ የአንድ ለአምስቱንም ስብሰባ የሚመሩት እሳቸው ናቸው። አብረዋቸው አንዲት ጠና ያሉ የኮሚቴ አባል መጥተዋል።

«ልጄ፣ ወደ ውጭ ውጪ፤ ብቻሽን እናነጋግርሽ» አሉኝ ጋሼ።

ወጣሁ። ፊቴን አዩት።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ኳስ መታኝ።»

ተያዩ። ሴትየዋ እጄን ያዝ አደረጉኝ። «አትፍሪ የኔ ልጅ። እኔም ወንድሞች ነበሩኝ።»

ነገሩ ገና ሳይገባኝ ወንድሜ በሩን ከፈተ። ዱላው እጁ ላይ ነበር። ጋሼ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ወረዱ፤ ድምፃቸው ግን ከፍ አለ። «ሴት ልጅ የሚደበድብ ሰው እዚህ ግቢ አይኖርም! ለአከራያችሁ ደውለናል። ቀጥሎ የምንሄደው ፖሊስ ጋ ነው።»

«ማን ነው የደበደበ?» አለ ወንድሜ።

ሴትየዋ ወደ ጉንጬ አመለከቱ። ፊቴን አየ፤ እጁን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ዱላውን ግድግዳው ላይ በቀስታ አስደግፎ ወደ ውስጥ ገባ፤ ወዲያው የሻንጣው ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ። «ኧረ አልመታኝም! በእግዚአብሔር!» እያልኩ ስጮህ ሴትየዋ «እንዲህ ነው የሚባለው» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ኮሚቴው ወረደ።

ገብቼ ሻንጣው ላይ ተቀመጥኩበት። በሀዲይኛ፣ ሳይቆጣ ተናገረኝ። «የሰው ዱላ ችዬ ኖሬያለሁ። እጄን በሰው ላይ አንስቼ አላውቅም። እዚያ ሌባ አሉኝ፣ እዚህ ደግሞ ይሄ። ተነሺ።» ከዚያ፣ «ለእማ አንቺ ንገሪያት» አለኝ።

በሩን በውጭ ቆልፌበት ወረድኩ። ሁለተኛ ፎቅ የከፈተችልኝ የሾፌሩ ሚስት ናት፤ ባሏ ጭነት ሊያይ ገበያ ወጥቷል። ከአንጋጫ ገጠር ያገባት ሴት ናት፤ የእናት ቋንቋዋ ከምባትኛ ስለሆነ እኔና እሷ የምንግባባው በአማርኛ ነው።

«ወንድሟ ይደበድባታል ብለሽ ከሰስሽ?»

«ወይ ጉዴ! ማን? እኔ?»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

«ላይ ቤት ይመታል አልኩ። ቀትር ላይ ይመታል፣ ከሰዓት ይመታል፣ ባሌ አልተኛም አልኩ። ውሸት ነው?»

«ምኑን ይመታል አልሽ?»

ሁለት እጇን አጋጥማ አየር ላይ ወዘወዘች። «ያን ነገር።»

«ስሙን ጥሪያ!»

«አልጠራውም» አለችና መሬት መሬት አየች።

ያኔ በመስኮታቸው የቆመው አይሱዙ ታየኝ። በሩ ላይ የሾፌሩ ስም ከነአባቱ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። የአባቱ ስም መጀመሪያ «ጎ» ነው።

እናቴ ባሊሻ ትጠብቃለች። በሀዲያም በከምባታም ያገባች ሴት የአማቷን ስም አትጠራም፤ የስሙ መጀመሪያ ድምፅ ያለበትን ቃል ሁሉ ትሸሻለች፣ ሌላ ቃል ትተካለታለች። ቤታችን ውስጥ ወተትን እንኳ በስሙ ሳትጠራ ነው ያሳደገችን። ግን ይህ በቤት ቋንቋ ነው፤ አማርኛ ላይ ባሊሻ የሚጠብቅ ሰው አይቼ አላውቅም ነበር።

«ለአማትሽ ነው?»

አፏን በነጠላዋ ሸፍና ራሷን ነቀነቀች።

«በአማርኛም?»

«አፍ አንድ ነው። ቋንቋው ነው ሁለት።»

ኮሚቴው ፊት የሆነውን አንድ በአንድ ነገረችኝ። ጎልፍ ማለት አልቻለችም፤ ጎረቤት ማለትም አልቻለችም። «ላይ ቤት፣ ሰውዬው፣ ይመታል» አለች። ጋሼ «ማንን?» ብለው ጠየቋት። «ስሙን አልጠራም» ብላ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ደግሞ አስተማሪ ናቸው። «ስሟን ማለትሽ ነው» ብለው አረሟት። አማርኛዋ የተሳሳተ መስሏት «እሺ፣ ስሟን» አለች። የእኔን የጠቆረ ፊት ደግሞ ግቢው ሁሉ አይቶታል።

ወንድሜ ሊሄድ ሻንጣውን እንዳሰረ ስነግራት ጫማዋን ሳታደርግ ወጣች። ደረጃውን ቀድማኝ ነው የወጣችው። በሩን ስከፍት ወንድሜ ሻንጣውን ይዞ ቆሞ ነበር። ሁለት እጇን ሻንጣው ላይ ጫነችበት።

«አንተ አልመታህም። በአፌ የመታሁህ እኔ ነኝ። አትሂድ።»

«ልቀቂው፣ እህቴ።»

«አልለቅም። ልትመታኝ ትችላለህ፣ አልለቅም!»

ያለችው ነገር ለራሷም ዘግይቶ ነው የገባት፤ ደነገጠች። ወንድሜ ሻንጣውን ወለሉ ላይ አስቀመጠ። በዚያ መሃል ወደ መስኮቱ ሮጣ ግቢው ውስጥ የቆሙትን ሰብሳቢ «ሰው አልመታም!» ብላ ጮኻ ጠራቻቸው። ጋሼ እያለከለኩ ሲወጡ ደረጃው ላይ ሰው ሞልቷል።

«ታዲያ ምኑን ነው የሚመታው?» አሉ።

አንገቷን ደፋች። «ጎልፍ!» አልኩ እኔ፤ ድምፄ እስከ ምድር ቤት ሳይሰማ አልቀረም። መረቡን፣ ምንጣፉን፣ የእንቁላል ካርቶኑን አሳየኋቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉት። «እኔ ያረምኩ መስሎኝ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። ወዲያው ግን ወደ ሰብሳቢነታቸው ተመለሱ። «ቢሆንም ድምፅ ድምፅ ነው። ካልቀነሰ በሚቀጥለው ስብሰባ ውሳኔ ይሰጥበታል። አከራያችሁም ሰምቷል።»

ሻንጣው አልተፈታም። በሩ ሥር እንደታሰረ ቆመ፤ ማዕድ ቤት ስገባም ስወጣም ያደናቅፈኛል። ወንድሜ ዱላውን አላነሳም። ከሁሉም ያስፈራኝ ይህ ዝምታ ነበር፤ ጆሮዬ ምቱን ይጠብቅና ያጣዋል። ስልኩ ሲጮህ ወደ ደረጃው መውጣቱንም ትቶ እፊቴ ያወራ ጀመር። «መቼ ነው? ስንት ሰው ነን?» ይላል።

ሾፌሩ ነገሩን ከሚስቱ ሰምቶ መጣ። ሻንጣውን አየ፤ አላነሳውም። «ይምታ» አለኝ። «አንቺ ታች ውረጂ። እኔ የምሰማውን ሳትሰሙ ነው ካርቶን የምትለጥፉት።»

ወንድሜን ለምኜ ዱላውን አስያዝኩት። ታች ወርጄ ከሚስቱ ጋር አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሾፌሩ ቆሞ ሶሌታውን ያያል። ዱም አለ። ያንን ጠብቄዋለሁ። ከዚያ ግን ላይ ቤት ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ መጣ። መረቡ የያዛት ኳስ የወለሉ ሊሾ ላይ ወደቀች፤ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ፣ ቀጥሎ ጥርስ እንደሚፋጭ ረጅም መንከባለል፤ ከአናታችን ጀምሮ እስከ ግድግዳው ጥግ።

«ምቱን ለምጄዋለሁ» አለ ሾፌሩ። «የምታነቃኝ እሷ ናት። የት እንደምትቆም ሳልሰማ ዓይኔን መክደን አልችልም። ስትቆም ደግሞ ሌላው ይመጣል።»

ስንኝ ስቆጥር የማደርገውን ነው የነገረኝ። ቤት እስኪመታ ትንፋሽ ይያዛል። እኛ ግድግዳውን ስናለብስ የከረምነው የእኛን ጆሮ ይዘን ነበር፤ የታች ሰው በወለሉ ነው የሚሰማው።

የኳሷ ነገር ቀላል ሆነ። እናቴ ከእንሰቱ የተፋቀ ቃጫ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልታ በጋሪ ላከችልን፤ መረቡ ሥር ጎዘጎዝነውና ኳሷ ወድቃ እዚያው ቀረች። ለምቱ ሾፌሩ ያረጁ የአይሱዙ ጎማ ካላማዳሪዎች አመጣ። ግማሽ ንፋስ ሞልተን ወለሉ ላይ አስተኛናቸው፤ ላያቸው ላይ ሰፊ ጣውላ፣ ጣውላው ላይ ስፖንጁና ምንጣፉ። ወንድሜ ሲወጣበት ጣውላው እንደ ጀልባ ተንሳፈፈ። የመጀመሪያውን ሲመታ ሚዛኑን ስቶ በቂጡ ተቀመጠ።

«ውይ!» አለች ሚስትየው፤ አፏን ሸፍና ሳቀች።

እሱም ሳቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። እግሩን አስፍቶ ደግሞ መታ። ታች ወርደን ሰማን፤ ድምፁ ጠፋ አልልም፤ ብርድ ልብስ ሥር እንደሚመታ ልብ ሆኗል። ሾፌሩ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ዓይኑን ከደነ። ትንሽ ቆይቶ፣ «በዚህ ይተኛል» አለ።

ለኮሚቴው ይህ በቂ ነበር። ለወንድሜ ግን አልነበረም። ሻንጣው አሁንም በሩ ሥር ነው፤ ሌሊቱም ያው ሌሊት ነው። በሳምንቱ ሾፌሩ ካላማዳሪው ንፋስ እንዳይጎድል ሊያይ መጥቶ በመጨረሻ ስለ ሻንጣው ጠየቀ።

«መቼ ነው?»

«ሰኞ።»

«በመንገዱ?»

«በመንገዱ።»

ማዕድ ቤት ሆኜ ነው የሰማሁት። ድስቱን ከእሳቱ ላይ አወረድኩት፤ ለምን እንዳወረድኩት አላውቅም። ሰኞ መሆኑን ለእኔ አልነገረኝም ነበር።

ሾፌሩ ጣውላው ላይ ተቀመጠ። «ሌሊት አትተኛም አሉ።»

«አልተኛም።»

«እኔ ደግሞ ሌሊት መተኛት የለብኝም። ረዳቴ ወራቤ ሳንደርስ ያንኮራፋል። ዛሬ ማታ ከእኔ ጋር ውጣ።»

«ምን ልሠራልህ?»

«አውራኝ።»

«ወሬ አላውቅም።»

«ዝም በላ። ብቻ ነቅተህ ዝም በል።»

ያን ቀን ማታ ወጣ። እናቴ ስትደውል «መኪና ይዞ መንገድ ወጥቷል» አልኳትና ጩኸቷ ጆሮዬን ቀደደው፤ የአዲስ አበባው አስፋልት እንደሆነ እስካስረዳት ድረስ ጎረቤት ሰብስባ ነበር። በማግስቱ አይሱዙው ግቢ ሲገባ በመስኮት አየሁ። ሁለቱም ወረዱ። ወንድሜ የድንች አፈር ልብሱ ላይ እንዳለ ገብቶ ጫማውን ሳያወልቅ ተኛ፤ ከሰዓት አሥር ሰዓት ድረስ አልተንቀሳቀሰም። እየሄድኩ ትንፋሹን አዳምጥ ነበር።

ሰኞ አለፈ። ማክሰኞ ደግሞ አብሮት ወጣ። በመንገድ ምን እንደተወራ ሾፌሩን ጠይቄው፣ «መኪና ውስጥ የተወራ መኪና ውስጥ ይቀራል» አለኝ። እህቱ ሆኜ ያልሰማሁትን የድንች ሾፌር ሰምቶታል ብዬ ቀናሁ፤ ቅናቴም አልዋሸኝም። ቀን ቀን ላይና ታች ሁለት ሰዎች ይተኛሉ፤ አሁን በነጠላ ጫማ የምትራመደው የእኔ ኮቴ ሆናለች ከታች የምትሰማው።

ወሩ ሳያልቅ ሾፌሩ መንጃ ፈቃድ እንዲያወጣ አሳመነው። ለመንጃ ፈቃድ ደግሞ የቀበሌ መታወቂያ ያስፈልጋል ተባለ። ጉርድ ፎቶውን ይዞ፣ እኔና ሾፌሩ ተከትለነው ሄድን። ጋሼም ለምስክርነት መጡ፤ ከረባት አድርገዋል። የቀበሌው ሠራተኛ ፎቶውን አየና ቀና አለ።

«ነዋሪ ነው?»

«የእኛ ግቢ ነዋሪ ነው» አሉ ጋሼ፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው። «እኔ እመሰክራለሁ።»

«ከመጣ ስንት ጊዜው ነው?»

ወንድሜ ነገረው። ሠራተኛው ፎቶውን መልሶ በጠረጴዛው ላይ ገፋለት። «ስድስት ወር ሳይሞላህ አይሰጥም። ሲሞላህ ና።»

ሾፌሩ ሊከራከር አፉን ከፈተ። ጋሼ መመሪያውን ያሳየን አሉ። እኔ የማየው ወንድሜን ነበር። ፎቶውን አንስቶ አቧራውን በአውራ ጣቱ ጠረገና የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው።

«እሺ» አለ። «እጠብቃለሁ።»

ሁለቱን ከሠራተኛው ጋር እየተከራከሩ ትቼ ወደ ውጭ ወጣሁ፤ ሳትጠይቀኝ «አለ፣ እማ» ልላት ለእናቴ ደወልኩ።